የጋሼ ተሰማ እርሻና የእኔ አውራ ጣት

ዛሬ የአንድ ሽማግሌን እርሻ ከነከብቱ፣ ከነዶሮው፣ ከነአጥሩ በአንድ አውራ ጣት ዘጋሁት። ተቀመጡና ስሙኝ።

እርሻው ጌም ውስጥ ነው፣ አትደንግጡ። እኔ ግን አሁንም ልቤ አልተመለሰም።

ለማታውቁኝ፦ እዚህ ስዊድን፣ ዮርድብሩ በሚባል ሰፈር፣ አንድ መጋዘን ውስጥ የስካነር ኃላፊ ነኝ። ጠዋት ጠዋት የእቃ ማንበቢያዎቹን ደርድሬ አንድ በአንድ አፕዴት አደርጋለሁ። አፕዴት ያልተደረገ ስካነር ይዞ የሚዞር ሰው ካገኘሁ ቀኑን ሙሉ በዓይኔ ነው የምገርፈው። ቸርች ደግሞ ፕሮጀክተሩ እምቢ ሲል የሚጠሩት እኔን ነው። «ስልኬ ተበላሸ» ሲሉኝ በልቤ «ስልኩ ምን አደረገ፣ እርስዎ ነዎት እንጂ» እላለሁ።

አዎ፣ እንደዚህ ዓይነት ሰው ነኝ። ለዚህ ነው የዛሬው የሚገባኝ።

ጋሼ ተሰማ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ሁዲንጌ ሆስፒታል ይሄዳሉ፣ ከማሽኑ ጋር ተያይዘው አራት አራት ሰዓት ይጋደማሉ። አምና «ጣሪያ ማየት ሰለቸኝ» ሲሉኝ በእጅ የምትያዘውን የድሮ የጌም መጫወቻዬን ሰጠኋቸው። ከነፍላሽ ካርትሪጇ።

ፍላሽ ካርትሪጅ ማለት ያልተፈቀደላት የጌም ካሴት ናት። መጫወቻውን «እኔ እኮ ትክክለኛዋ ነኝ» ብላ አታልላ ነው የምትገባው። መጫወቻው አዲስ ፈርምዌር፣ ማለት የራሱን የውስጥ ሶፍትዌር አፕዴት፣ ከጫነ ግን ይነቃባታል፣ በሩን ይዘጋባታል። ወደ ድሮው መመለስ ደግሞ የለም።

ይህንን ማን ያውቃል? እኔ! ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

ዛሬ ላያቸው ሄድኩ። አንዱ እጃቸው መርፌ ስላለበት በሌላኛው ብቻ ነው የሚጫወቱት፣ ቀስ እያሉ። የጌሙን ላሞች በነዷቸው አውቶቡሶች ቁጥር ሰይመዋቸዋል። «አሥራ አንድ ቁጥር ታማለች፣ ዛሬ ከበረት አላወጣኋትም» አሉኝ። ፊታቸው ላይ የእውነት ሐሳብ ነበር።

«እስቲ ልየው» ብዬ መጫወቻውን ተቀበልኳቸው። ወዲያው ስክሪኑ ላይ «አዲስ አፕዴት አለ» የሚል መጣ። አንዱ ቁልፍ «አሁን»፣ ሌላው በስዊድንኛ «ሴናረ»፣ በኋላ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ስንት ጊዜ መጥቶልዎታል?»

«ሁልጊዜ ይመጣል።»

«እና ምን ያደርጋሉ?»

«ሴናረ እለዋለኋ።»

ሳቅኩ። ሳቅኩ ስላችሁ ደግሞ በድምፅ ነው። አጠገባችን ማሽን ለምታየው ሲስተር ዞር ብዬ በስዊድንኛ «አባቶቻችን አፕዴት እንደ ጅብ ነው የሚፈሩት» አልኳት። እሷም ያቺን የጨዋ ፈገግታ ፈገግ አለችልኝ። እኔ በዚያች ፈገግታ ሞቅ አለኝ።

ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ። ሲስተሯን አዩ። አፋቸውን ዘጉ።

እኔም መጋዘን እንዳለሁ ሆኜ «አሁን» የሚለውን ተጫንኩ።

ጠፍቶ በራ። «ካርዱ አይታወቅም» አለ።

ካሴቷን አውጥቼ እፍ አልኩባት። በሹራቤ ጠረግኳት። መልሼ ከተትኩ። አይታወቅም። በሌላኛው ሹራቤ ጠርጌ ይሆናል ብላችሁ እንዳታስቡ፣ አንድ ነው የለበስኩት፣ እሱም በላብ ርሷል።

ጋሼ ከመነጽር ቤታቸው ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት አወጡና ሰጡኝ።

«አፕዴት ከመጣ በፍጹም እንዳይነኩ። ሴናረ ይበሉ። ማንም ቢልዎት እሺ አይበሉ።» ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። አምና መጫወቻውን ስሰጣቸው የጻፍኩላቸው። እሳቸው ዓመት ሙሉ በአንድ እጃቸው ሲያከብሩት የኖሩትን ትእዛዝ፣ ጻፊዋ ረስታው መጥታ እየሳቀች ሻረችው።

«ታዲያ ጋሼ፣ ለምን ዝም አሉኝ?» አልኩ።

«ሲስተሯ እያየችሽ ላሳፍርሽ?»

ይኸው። እሳቸው እኔን ላለማሳፈር ከብቶቻቸውን አስረከቡ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው ፍላሽ ካርትሪጅ አልነበረውም።

ስልኬን አውጥቼ የተጫዋቾቹን ፎረም ከፈትኩ። የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ በትልልቅ ፊደል፣ «ይህንን አፕዴት አትጫኑ» ይላል። ካሴቷን የሚሠሩት ሰዎች መፍትሔ ያወጡ ይሆናል፣ ላያወጡም ይችላሉ። ከሥር አንዱ «ሳያነብ የሚጫን ይቅመሳት» ብሎ ጽፏል። ላይክ አደረግኩለት።

«እርሻው አልጠፋም ጋሼ» አልኳቸው። «ውስጥ አለ። መግቢያው ነው የተዘጋው።»

«አሥራ አንድ ቁጥርንስ ማን ያበላታል?»

«ጊዜው ቆሟል፣ አትራብም።»

«እሱን የምትይኝ አንቺ ነሽ» አሉ።

እጥበቱ ሊያልቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ይቀራል፣ እሳቸው ወደ ጣሪያው ዞረዋል። እኔ መሬት ብትከፈት ብዬ ወለሉን አያለሁ፣ የሆስፒታል ወለል ደግሞ አይከፈትም። ሲስተሯ ተመልሳ መጥታ «አፕዴቱ ደህና ሆነ?» ስትል ጋሼ ቀድመውኝ «በጣም ጥሩ» አሏት በስዊድንኛ። እንደገና አዳኑኝ። ያኔ ነው ያፈርኩት፣ ከምር።

እስከ መጨረሻው አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ስለ ድሮ መስመሮቻቸው አወሩልኝ፣ አሥራ አንድ ቁጥር በረዶ ላይ እንዴት እንደምታስቸግር ጭምር። ልወጣ ስል እስክሪብቶ ጠየቁኝ። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፣ በአንድ እጅ ግን እየተንሸራተተች አስቸገረቻቸው።

«ያዢልኝማ።»

ያዝኩላቸው። «ማንም ቢልዎት እሺ አይበሉ» ከሚለው ሥር ቀስ ብለው ጨመሩ፦ «እሷም ብትሆን።»

እኔም እንዳትንሸራተትባቸው በሁለት እጄ አጥብቄ ነው የያዝኩት። ምን ላድርግ ታዲያ?