ሙሽራ ያስጨፈረ ቸርኬ

አሮጌ መኪና መግዛት ጤነኝነት ነው የሚሏችሁ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው… ሻጩና መካኒኩ! ሁለቱም ይህን የሚሏችሁ እጃቸውን ኪሳችሁ ውስጥ ከትተው ነው።

እኔ ይኸውላችሁ፣ ቤቴል ግቢዬ ውስጥ በዕድሜ ታላቄ የሆነች፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ መኪና አለችኝ። ቸርኬዎቿ እንደ ብስክሌት ባለ ሽቦ ናቸው። ባለቤቴ ጽጌ፣ "ዶሮ ብናረባባት እንኳ እንቁላል አናጣም ነበር" ትላለች። ቅርስ አይገባትም ብዬ መኪናዬን መወልወሌን እቀጥላለሁ።

ታዲያ ጎረቤታችን ሐጂ ሸምሱ ልጃቸውን ሰሚራን ሊድሩ ሲሰናዱ እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "ሙሽራዋን የምወስዳት እኔ ነኝ፤ በዚችው መኪና!" ያውም ዕድርተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት! ሰሚራ በደስታ የመኪናዋን ፎቶ ለጓደኞቿ በሙሉ ላከች። ከአፍ የወጣ አፋፍ… ማን ይመልሰዋል?

ሙሽራ ከመጫኔ በፊት ሽቦዎቹን ልፈትሽ ብዬ ኢንተርኔት ላይ የአንድ ባለሙያ ቪዲዮ አገኘሁ። "ሽቦውን በማንኪያ መታ መታ ያድርጉት። የጠበቀው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የላላው ድምፁ ይታፈናል። የላላውን ያጥብቁ። ነገር ግን…" ሲል ፓኬጄ አለቀ። ከ"ነገር ግን" በኋላ ደግሞ ምን ቁም ነገር ይመጣል ብዬ ተውኩት።

የሚያስፈልገኝ ጆሮ ያለው ሰው ነበር። አጥር የምንጋራው ናትናኤል ቸርች ውስጥ ኪቦርድ ይጫወታል። ማንኪያ ይዞ የፊት ጎማው ሥር በርከክ አለ። ኪንግ… ኪንግ… ቶንግ።

"ጋሼ፣ ይሄኛው ወርዷል።"

"ላልቷል ማለትህ ነው?"

"እሱን እንጃ፤ ኳየሩን ግን ያበላሻል።"

አጫጭሮቹ ሽቦዎች ቀጭን፣ ረጃጅሞቹ ወፍራም ድምፅ አላቸው። ናትናኤል ይህን አለመግባባት ሊታገሥ ነው? እኔ ረጃጅሞቹን በመፍቻ ሳጠብቅ፣ እሱ "ትንሽ… ትንሽ… ሃሌሉያ!" እያለ ዋልን። በመጨረሻ የፊቶቹ ጎማዎች ሽቦ በሙሉ አንድ ድምፅ አወጣ።

ጽጌ ብቅ ብላ፣ "ይቺ መኪና ትሄዳለች ወይስ ትዘምራለች?" አለች። ቀንታ ነው ብዬ አለፍኳት።

የሰርጉ ዕለት ሰሚራ በነጭ ቬሎዋ፣ ሙሽራው ከጎኗ፣ እኔ በከረባት መሪ ላይ… ወደ አየር ጤና ወረድን። መጀመሪያ ነቅነቅ። ቀጥሎ ግራና ቀኝ። ከዚያማ መኪናዋ እስክስታውን አስነካችው! የሰሚራ የራስ ጌጥ ዓይኗ ላይ ወረደ፤ ሙሽራው በሩን ሙጭጭ አድርጎ ይዟል። መንገደኛው ሆን ብዬ የማስጨፍራቸው መስሎት ያጨበጭብልኛል!

"ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ!" አለች ሰሚራ።

"ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ ቆምኩ እኮ ነው፣ ልጄ!"

"ይቁሙዋ!"

ቆምኩ። ሰሚራ ቬሎዋን ሰብስባ ወረደችና ባጃጅ አስቁማ ገባች። ሙሽራው እየሮጠ ተከተላት። እኔ አበባ ከተለጠፈባት መኪናዬ ጋር አየር ጤና ላይ ተገትሬ ቀረሁ። አፈርኩ፤ እውነቴን ነው። ያቺን ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ።

ቤት ስገባ ፓኬጅ ገዝቼ ቪዲዮውን ቀጠልኩት። "…ነገር ግን ረጅሙ ሽቦ እንደ አጭሩ ካልጮኸ ብለው እንዳያጠብቁት፤ ቸርኬው ይጣመማል!" ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ… አላለም ያገሬ ሰው?

በማግስቱ ሐጂ በራችንን አንኳኩ። አንገቴን ደፍቼ ከፈትኩ።

"ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ሰሚራን አዋረድኳት።"

"ተወው፣ አላህ ይቅር ይበልህ። እሷም ስቃ ጨርሳዋለች። ይልቅ ልለምንህ ነው የመጣሁት፤ የታናሿም ኒካህ ደርሷል።"

ደስታዬን አትጠይቁኝ! ሰው እንዲህም ልበ ሰፊ ይሆናል?

"ምን ገዶኝ፣ ሐጂ! ቸርኬዎቹን በደንብ አስተካክዬ…"

"እኮ!" አሉና ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። "የዚያን ቀን ዘመድ ጥየቃ ብለህ ከከተማ ውጣልኝ… በአውቶቡስ!"