ፊንላንድ ውስጥ «በልቻለሁ» ማለት

ሰው ቤት ገብተህ «ብላ» ስትባል ወዲያው ትበላለህ? አትበላም! መጀመሪያ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለህ። ባለቤቱ «በሞቴ!» ይልሃል። ትግደረደራለህ፣ ይለምንሃል፣ ከዚያ ሳህኑን ታጸዳለታለህ። ወጉ እንዲህ ነው። ለንደን፣ ካሌዶኒያን ሮድ ሰፈር ያለን ሐበሾችም እስከ ዛሬ ይዘነዋል። ፊንላንድ ግን አይሠራም። እንዴት አወቅህ አትለኝም? ተርቤ ነዋ!

ልጄ ሄለን ለንደን ተወልዳ ያደገች ናት። ዕረፍት ስታገኝ «ዳድ፣ ፊንላንድ ሄደን መኪና ሬንት እናድርግ» አለችኝ። ጎረቤታችንን ጋሽ ሙሉጌታንም ይዘን ሄድን። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው ለንደን የገቡት። ስኳር አለባቸው፤ ይሉኝታቸው ግን ከስኳሩ ይብሳል።

አገሩ እንዴት ያለ መሰለህ! አንዱን ሐይቅ አለፍን ስትል ሌላው ይመጣል። ጫካው ማለቂያ የለውም። ሄለን ቀስ ብላ ትነዳለች፣ ጋሽ ሙሉጌታ ከኋላ «ተመስገን፣ ይህንንም አሳየኸኝ» ይላሉ። ስንቅ ግን አልያዝንም። መንገድ ሲባል እኛ የምናውቀው የደብረ ሲናውን ነው፤ ቆሎው በመስኮት ይገባልሃል። እዚህ ማን ይሽጥልህ? ዛፉ?

ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ መንገድ ለመጠየቅ ሐይቅ ዳር ያለች የእንጨት ቤት ጋ ቆምን። ሄለን ፎቶ ልታነሳ ወደ ውኃው ወረደች። አንዲት ፀጉራቸው የነጣ ሴትዮ በር ከፈቱልን። የተጠበሰ ዓሣ ሽታ አፍንጫዬን ሊያወልቀው! በእንግሊዝኛ «ግቡና ብሉ» አሉን። እሰይ ልል ስል ጋሽ ሙሉጌታ ቀደሙኝ፦ «እናመሰግናለን፣ አሁን በልተን ነው የመጣነው።» በታላቅ ላይ ምን እላለሁ? እኔም ሆዴን ነካ ነካ አደረግሁ።

ሴትዮዋ «እሺ» ብለው ዓሣውን ከደኑት። ከደኑት! አንድ «በሞቴ» እንኳ የለም! ሰዎቹ የነገርካቸውን ያምናሉ ወንድሜ።

በረንዳ ላይ ወንበር ሰጡንና ሐይቁን እናይ ጀመር። ትንሽ ቆይቶ ጋሽ ሙሉጌታን ላብ አጠመቃቸው፣ ፊታቸው አመድ መሰለ። ስኳሩ ወርዶባቸዋል! ልነሳ ስል «ተው፣ እንዳታዋርደኝ!» ብለው እጄን ያዙኝ። ደነገጥኩ፤ ሰውየው ለክብር ሲሉ ሊሞቱብኝ ነው! ይሄኔ ሄለን ከውኃው ተመለሰች። አንዴ አየቻቸውና ለሴትዮዋ ጮኸች፦ «ስኳር አለባቸው! ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላንም! እባክዎን የሚበላ ይስጡን!»

ሴትዮዋ እየሮጡ የጫካ እንጆሪ ጭማቂ በስኳር አመጡ። ቀጥሎ ዓሣው፣ ድንቹ፣ ጥቁሩ ዳቦ መጣ። ጋሽ ሙሉጌታ ፊታቸው ሲመለስ እኔ እንባዬ መጣ። እኚያን ሴት እግዜር ይስጥልኝ፣ ዘራቸው ይባረክ! ልጄንም፣ ያችን «ዓይን አውጣ» እያልኩ የምቆጣትን፣ ግንባሯን ሳምኳት።

ሴትዮዋ ግን ግራ ገብቷቸዋል። «ታዲያ በልተናል ያላችሁኝ ለምንድን ነው?» አሉ። ሄለን አስረዳቻቸው፦ እኛ ዘንድ የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ አይደለም፣ መለመን ያስፈልጋል አለች። ሴትዮዋ የሐኪም ትእዛዝ እንደሚሰማ ሰው በጥሞና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ዓሣ ጨመሩልኝ። በላሁ። ደግመው ጨመሩልኝ። «በቃኝ» አልኩ። ፈገግ ብለው ጨመሩ። «በእግዚአብሔር፣ እውነቴን ነው፣ ጠገብኩ!» አልኩ። እጥፍ አደረጉልኝ። መተንፈስ አቅቶኝ ሄለንን በዓይኔ ተማጸንኳት።

ሄለን ዳቦዋን እያላመጠች ወደ ሴትዮዋ ዞረች።

«አባቴን አይስሟቸው፣ ትንሽ ይለምኗቸው» አለቻቸው።