ሊቦኩ የተሰለፉ ቤቶች

ጡብ ሠሪዋ ይርገዱ ትናንት ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳለች ሕልም አየች። በሕልሟ ቀሚሷን ሰብስባ እንደ ወትሮዋ ጭቃ ልትረግጥ ወደ ጉድጓዷ ሄደች። በጉድጓዱ አፍ ላይ የከተማው ቤቶች ተሰልፈው ቆመዋል። ነዋሪዎቻቸው ደግሞ በየሰፈሩ፣ ቤቶቹ ጥለውት በመጡት ቦታ፣ በግድግዳ ፈንታ ቆመው የጣሪያውን ቆርቆሮ በእጃቸው ደግፈዋል።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» አለቻቸው።

«መቦካት ነዋ» አለ ፊት የቆመው ትምህርት ቤት። «አርባ ዓመት ሙሉ ማባዛት ሰማሁ። ሰባት ጊዜ ስምንት እስካሁን አልገባኝም። ወደ ጭቃነቴ መልሺኝ።»

ይርገዱ በርና መስኮቱን እንደ ጠጠር ለቅማ አወጣችለት። ውኃ አፈሰሰችበት፣ ጭድ ነሰነሰችበት፣ እስኪለሰልስ ረገጠችው። ሦስት ቀን ተኝቶ እንዲብላላ በጆንያ ስትሸፍነው ወዲያው አንኮራፋ።

ቀጥሎ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተራ ደረሰ። እግሯን ስታነሳ «ነገ ተመለሽ» አላት።

«የመጡት እኮ እርስዎ ነዎት።»

«ቢሆንም ነገ» አለና ሻይ ሊጠጣ ወጣ።

ከሰልፉ ጫፍ አንዲት ዘመም ያለች ጎጆ ቆማለች። ይርገዱ ስታያት ደነገጠች፤ የራሷ ቤት ናት።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽና መጣሽ?»

«ሃያ ዓመት ለሰው ጡብ ስትሠሪ አየሁሽ» አለቻት ጎጆዋ። «እኔን በእንጨትና በጭቃ አቁመሽ ረሳሽኝ። አልተቀየምኩም። ደክሞኛል ብቻ።»

ይርገዱ አፈረች። «እስከ መስቀል ታገሺኝ። የአንቺን አፈር እኮ መርጬ ለይቼዋለሁ።»

«የየትኛው ዓመት መስቀል?»

ጎጆዋ ቀስ ብላ ወደ ጉድጓዱ ወረደችና እንደ ደከመው ሰው ተዘረጋች። «በይ ርገጪ» አለቻት። ይርገዱ ግን እግሯ እሺ አላላትም። ማደሪያዋን በምን ልብ ትርገጥ? ጎትታ ልታወጣት ምሰሶዋን ጨብጣ ስትታገል፣ ጆሮዋ ሥር የማኘክ ድምፅ ሰማችና ነቃች።

የራስጌዋ ግድግዳ ተቦርቡሯል። የጎረቤቷ የአቶ ጓንጉል ላም በቀዳዳው እስከ አንገቷ ገብታ ከጭቃው ውስጥ ጭዱን እየመዘዘች ትበላለች። አቶ ጓንጉል ራሳቸው ከላሚቱ ጎን አንገታቸውን አስግገዋል።

«አትነሺ፣ ይርገዱ» አሏት ቀስ ብለው፤ «ልትጨርስ ትንሽ ነው የቀራት።»