ዓሦች ለበጎ ፈቃድ የወጡ ዕለት

መምህርት ዘውድነሽ ይህን ሕልም ያየችው በጠራራ ፀሐይ፣ ሐይቁ ዳር በተተከለ ድንኳን ውስጥ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። ሰው እንዲህ ያለ ሕልም በቀን ያያል ወይ? ያያል እንጂ! በተለይ «አይሆንም» ማለት እየፈለገ «ላስብበት» ያለ ሰው ያያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘውድነሽ የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ የሐይቅ ዳር ተንከባካቢዎችን ማኅበር የምታሠለጥነውም እሷ ናት። ያን ቀን የማኅበሩ በዓል ነበር። ሃምሳ በጎ ፈቃደኞች ከጠዋት ጀምረው ፌስታልና ጠርሙስ ሲለቅሙ አረፈዱ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የክብር እንግዳ ይመጣል። ታዲያ የማኅበሩ ሰብሳቢ አቶ ሎዳሞ ድንኳኑን ዞር ዞር ብለው አዩና «እንግዳ ባዶ መሬት ይረግጣል እንዴ? ነውር ነው! ያ ቄጠማ ይነቀልና ይጎዝጎዝ» አሉ።

ያ ቄጠማ ግን በዚያ ዳርቻ የቀረ የመጨረሻው ነው። ዓሦች እንቁላል የሚጥሉት፣ ትንንሾቹም ከወፍ የሚደበቁት እዚያ ውስጥ ነው። ዘውድነሽ ይህን ስታስተምር ሁለት ዓመቷ! ግን አቶ ሎዳሞ ታላቅ ሰው ናቸው፤ ሰው ፊት እሳቸውን መቃወም ከበዳት። «እስቲ ላስብበት» አለች።

«እስከ ስምንት ሰዓት መልስ ስጪኝ፣ የኔ እህት።»

ተቀምጣ ስታስብ፣ ስታስብ፣ ሙቀቱ ይዟት ሄደ።

ወዲያው ራሷን ቤቷ አገኘችው። በሩ ተንኳኳ። ብትከፍት ነጭ ቲሸርት የለበሱ ዓሦች በጅራታቸው ቆመው ተሰልፈዋል፤ ክንፋቸው ላይ ጓንት አጥልቀዋል፤ ባዶ ማዳበሪያ ይዘዋል። ቲሸርቱ ላይ «የብስን እናጽዳ» ይላል። ፊት ለፊት ጢሙን ያንዠረገገ አንድ አምባዛ ሜጋፎን ይዞ ቆሟል።

«እንኳን ደስ አለሽ! ቤትሽ ለጽዳት ዘመቻ ተመርጧል» አላት።

«ቤቴ እኮ ንጹሕ ነው።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። አይዞሽ፣ በነፃ ነው!»

ገቡ። ወይ ጉድ! አንዷ መጋረጃውን አውርዳ ማዳበሪያ ውስጥ ከተተችው። ሌላው ቁም ሣጥኑን እየጎተተ «ይሄን ሁሉ ቆሻሻ እንዴት አከማቻችሁት?» ይላል። ጣሪያውን ገፈፉት። በየመሀሉ ደግሞ ተቃቅፈው ፎቶ ይነሣሉ።

«ግድግዳውም ይነሣ! እይታ ይከልላል!» አለ አምባዛው በሜጋፎን።

«የምን እይታ?» ብላ ጮኸች።

«ከውሃ ብቅ ብለን ከተማውን ስናይ ይጋርደናል።»

አቤት ልትል ሮጣ ወጣች። ከተማውም ተገልብጦ ጠበቃት። ዓሣ ገበያው ውስጥ፣ ሌላ ጊዜ ከአጥማጆቹ እግር ሥር ፍርፋሪ የሚጠብቁት ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ሽርጥ ታጥቀው የዓሣ ሆድ ዕቃ ይወረውራሉ፤ አጥማጆቹ ከታች አንገታቸውን አስግገው ይሻማሉ። አንዱን አባ ኮዳ «አቤቱታ የሚሰማው የት ነው?» ብላ ጠየቀችው። «ትምህርት ቤት ሂጂ፤ የሰውን ነገር የሚያውቁት እነሱ ናቸው» አላት።

ሄደች። የራሷ ክፍል ነው፤ ግን ውሃ ሞልቶታል። መነጽር ያደረገች ዓሣ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆማ ታስተምራለች።

«ሰው ልጁን የሚያሳድገው የት ነው?»

«ቤት ውስጥ!» አሉ ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ።

«ቤቱ ከፈረሰስ?»

«ያልቃል!»

«ጎበዞች!»

ዘውድነሽ ደስታዋ ወሰን አጣ። «ተባረኪ! በይ እንሂድና ለአምባዛው ንገሪልኝ!» አለቻት።

መምህርቷ ዓሣ መነጽሯን አወለቀች፤ ጠረገች፤ መልሳ አደረገች። «እስቲ ላስብበት» አለች።

«ምኑን ነው የምታስቢበት? አሁን ያስተማርሽው አይደለም እንዴ?»

«እሱማ አዎ። ግን አምባዛው ታላቅ ናቸው። ሰው ፊት እንዴት ብዬ?»

ዘውድነሽ እፍረቱ ፊቷን አነደደው፤ እየሮጠች ተመለሰች። ከቤቷ የቀረው ሜዳው ላይ የቆመ የልጅ አልጋ ብቻ ነው። የስምንት ወር ልጇ ሶፋኒት ተኝታበታለች። አምባዛው የብርድ ልብሱን ጫፍ ይዟል።

«ለክብር እንግዳችን ሐይቁ ወለል ላይ የሚነጠፍ ለስላሳ ነገር ጎድሎን ነው» አላት።

«ልጅ አለችበት!»

«የታለች?» ጎንበስ ብሎ አየ። «እቺ? እቺማ ትንሽ ናት፣ አትታይም። በሉ ጠቅልሉት!»

ዘውድነሽ አፏን ከፈተች። «ላስብ» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ላይ መጣባት። ዋጠችው። ባለ በሌለ ኃይሏ «አይሆንም!» ብላ ጮኸች።

በገዛ ጩኸቷ ነቃች። ድንኳኑ በሰው ጢም ብሏል። ሁሉም ዞሮ ያያታል።

«ምኑ ነው የማይሆነው?» አሉ አቶ ሎዳሞ፣ ደንገጥ ብለው።

«ቄጠማው! አይነቀልም! አይሆንም!»

«አንቺ ደግሞ! ስምንት ሰዓት ላይ መጥቼ ‹እንንቀለው ወይ?› ብልሽ ሁለት ጊዜ ራስሽን ነቀነቅሽልኝ እኮ!»

ዝቅ ብላ አየች። ቄጠማው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተጎዝጉዟል፤ ከነሥሩ፣ ከነጭቃው፣ ውሃው ገና ሳይንጠፈጠፍ። በቅጠሉ መሀል ጥፍር የሚያካክሉ ዓሦች ይፈራገጣሉ። ልክ በዚያ ቅጽበት የክብር እንግዳው እየተጨበጨበላቸው ገቡ። ዘውድነሽ ዕንባዋ እየወረደ እግራቸው ሥር ተንበረከከችና ትንንሾቹን ዓሦች በእፍኟ መልቀም ጀመረች።

እንግዳው ልባቸው ተነካ። «ኧረ በስመ አብ፣ ተነሺ እህቴ!» አሉ፣ በሁለት እጃቸው ሊያነሷት ጎንበስ ብለው። «እኔ ይህን ያህል ክብር አይገባኝም!»

ድንኳኑ በጭብጨባ ቀለጠ።