የሁለት ደሴቶች ፍየል

ገለልተኛ ሰው የሚባል ፍጡር የለም! አለ ካላችሁኝ፣ ያ ሰውዬ ጋ ገና ፍየል አላስቀመጡም ማለት ነው። እኔ ኑሩ፣ ሞያሌ በኬንያው ወገን ሽርጥና ሻሽ ሻጩ፣ እስካለፈው ወር ድረስ ገለልተኛ ነበርኩ። እንዲያውም በገለልተኝነቴ የምታወቅ ሰው ነበርኩ... ነበርኩ ነው የምላችሁ!

ሞያሌ ሲባል ድርቅና አቧራ ነው የሚታያችሁ አይደል? ሁለት ደሴቶች አሉን። አትሳቁ! ሰፈራችንን ጎርፍ የቆፈረው ደረቅ ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል። ዓመቱን ሙሉ ፍየል የሚተኛበት አሸዋ ነው። ሁለት ቀን ከዘነበ ግን ውሃው በዙሪያው ይመጣና ላይኛውም ታችኛውም ሰፈር ለየብቻው ተከቦ ይቀራል፤ ጨው ለመበደር እንኳ ጎረቤት መሻገር አይቻልም። እናም ወጣቶቹ የእግር ኳስ ክለብ ሲያቋቁሙ አንዱ «ላይ ደሴት»፣ ሌላው «ታች ደሴት» ተባለ። ስሙን በስዋሂሊ ነው ያወጡት፣ እኔ ለናንተ ስል ተርጉሜዋለሁ። ውሃ በጀሪካን እየገዛ የሚጠጣ ደሴት በዓለም ላይ ያለው እኛ ጋ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የእነዚህን የሁለቱን ጠብ ምኑን ልንገራችሁ? የሚጫወቱት እዚያው ደረቁ ወንዝ ውስጥ ነው። የመሃሉን መስመር ላይ ደሴቶች ጠዋት በአመድ ያሰምሩታል፤ ቀትር ላይ ታች ደሴቶች መጥተው ሦስት እርምጃ ገፍተው እንደገና ያሰምሩታል። አምና ላይ ደሴት ያገባው ጎል ታች ደሴት ውስጥ እስከ ዛሬ አልገባም! ዳኛው የገባ ነው ብሎ ፊሽካ ነፋ፣ ከዚያ በኋላ ዳኛውን ያየው የለም። ወደ ማርሳቢት ሄዷል የሚሉ አሉ።

የኔ ሱቅ ከወንዙ አፋፍ ላይ፣ መሻገሪያው አጠገብ ነው። ከሁለቱም ወገን እየመጡ ከኔ ይገዛሉ። «ኑሩ፣ አንተ የማን ነህ?» ሲሉኝ «እኔ የሻሽ ነኝ» እላለሁ። ይስቃሉ፣ ሻሽ ይገዛሉ፣ ይሄዳሉ። እንዲህ ሆኜ አሥር ዓመት ኖርኩ።

ታዲያ ባለፈው ወር ምዜ ጋልገሎ ከጎልቦ ቆላ መጡ። ምዜ በዚህ በኩል ሽማግሌ የሚከበርበት መጠሪያ ነው። እኚህ ሰው ከብትና ፍየል የሞላላቸው ናቸው፤ ከሴት ልጃቸው የተወለደ የልጅ ልጅ ላይ ደሴት ውስጥ፣ ከወንድ ልጃቸው የተወለደ ታች ደሴት ውስጥ ይጫወታል። «እሁድ ላሸነፈ ይሁን» ብለው አንድ የሰባ ሙክት ፍየል እየጎተቱ አመጡ። ነጭ ነው፤ አንገቱ ላይ ቡናማ መስመር አለው። እሁድ እስኪደርስ የት ይደር? ላይ ደሴት ካደረ ታች ደሴት እህል አይበላም፤ ታች ደሴት ካደረ ላይ ደሴት እንቅልፍ አይተኛም።

«ኑሩ ጋ!» አሉ ሁለቱም።

ምዜ ገመዱን በእጄ አስያዙኝ። «ኑሩ፣ ይሄ አማና ነው፤ አደራ!»

«በአላህ፣ ምዜ! ከልጄ አስበልጬ ነው የምጠብቀው!»

እስከዚህ ድረስ ምንም ጥፋት የለብኝም፤ መስክሩልኝ! ጥፋቱ የመጣው የግቢዬን በር ስከፍት ነው። ባለቤቴ ራውዳ ልብስ እያሰጣች ነበር። ሙክቱን አየች። እኔን አየች። ደግማ ሙክቱን አየች።

«ኑሩ... አንተ ነህ የገዛኸው?»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሚስት እንዲህ በአድናቆት ካየችህ ስንት ዓመት ሆነህ? እኔን ከሠርጋችን ወዲህ እንዲህ አይታኝ አታውቅም። ለዘመዶቿ አንድ ቀን እንኳ አርደን አናውቅም እያለች ስትወቅሰኝ የኖረች ሴት ናት። ቀላል ነበር፤ «የክለቦቹ ነው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አፌ ግን ከኔ ቀደመና «አዎ» አለ።

«አላህ ይጨምርልህ!» አለችና ለፍየሉ ውሃ ልታመጣ ሮጠች። የዚያን ቀን እራት ላይ የኔ ድርሻ ከወትሮው በዛ ያለ ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ በላሁ። እሁድ ደርሶ ፍየሉ ሲሄድ ምን እንደምላት አላሰብኩበትም፤ ዋሾ ሰው የሚያስበው እስከ እራት ድረስ ብቻ ነው።

ሐሙስ ዕለት ዕቃ ላመጣ በኬላው በኩል ወደ ኢትዮጵያው ሞያሌ ተሻገርኩ። እንግዳ ደራሽ፣ ውሃ ፈሳሽ አይደል? ስመለስ በራችን ላይ ከባድ መኪና ቆሟል። የራውዳ አጎት፣ ሹፌሩ ጋሽ ከድር፣ ወደ ናይሮቢ ሲወርዱ ጎራ ብለው ኖሯል። ቤቱ በጥብስ ሽታ ታውዷል። ርቦኝም ስለነበር ሰላምታውን አሳጥሬ እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ። ምን ልበላችሁ... እንዲህ ያለ ሥጋ በልቼ አላውቅም!

«ራውዳ፣ ይሄን የመሰለ ሥጋ ከየት አገኘሽው?»

«አንተ የገዛኸው ነዋ!» አለች በኩራት፣ አጎቷ እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ጋሼ እራሳቸው ባረኩት።»

ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ጋሽ ከድር ጀርባዬን እየመቱ ውሃ አጠጡኝ። አደራ በላ የሚባል ስድብ ዕድሜ ልኬን ስሰማ ኖሬያለሁ፤ አደራን በሚጥሚጣ እያጠቀሰ የበላ ግን ከኔ ሌላ መኖሩን እንጃ!

ጋሽ ከድር መርቀውኝ ከሄዱ በኋላ እውነቱን ነገርኳት። ራውዳ አልጮኸችም። ቢጮሁብህ ይሻላል።

«ለአጎቴ የሰው አደራ አበላኸው?»

«አዎ።»

«መረቁህ እኮ፣ ኑሩ!»

ያን ዕለት የምር ፈራሁ። እዚህ ድንበር ላይ ሰው የሚኖረው በስሙ ነው። ዕቃ የሚላክልኝ፣ ቁልፍ የሚተውልኝ፣ ወደ ማርሳቢት የሚሄድ ሰው ልጁን «ኑሩ ጋ ቁጭ በል» የሚለው በዚህ ስም ነው። ስሜ ከተበላሸ ሻሹም ሽርጡም ለምኔ ነው?

ዓርብ ከሶላት በኋላ የከብት ገበያ ገባሁ። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ፍየል ለኔ ፍየል ነው። አራት እግር፣ ሁለት ቀንድ፣ አንድ ጢም! በቁመቱ የሚመስል ነጭ ሙክት አገኘሁ። የጎደለው የአንገቱ ቡናማ መስመር ብቻ ነው። ራውዳ ገባችና የሂናዋን ሳህን ይዛ ወጣች። ሁለታችን ተንበርክከን፣ አንዳችን ቀንዱን ይዘን አንዳችን እየቀባን፣ ፍየሉን እንደ ሙሽራ ኳልነው። ሲደርቅ ከፊተኛው በልጦ አማረ!

እሁድ አሥር ሰዓት ላይ ደረቁ ወንዝ በሰው ተሞልቷል። ፍየሉን ይዤ ስወርድ ሁለቱም ወገን አጨበጨቡልኝ። ከዳር ካለው ግራር አሰርኩት። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ፣ ወዲያው የማዕዘኑን ባንዲራ ያኝክ ጀመር፤ ባንዲራውም የኔው ሻሽ ነው። ምዜ ጋልገሎ ዱላቸውን ተደግፈው መጡና ከሩቅ በምላሳቸው ጠሩት። ፍየሉ ዞር አላለም። ቀረብ አሉ። ጎንበስ ብለው ፊቱን አዩት... እኔና እናንተ በምንተያየው ዓይነት፣ ፊት ለፊት!

«ሀፓና» አሉ በስዋሂሊ። «ይሄ የኔ አይደለም።»

«ምዜ፣ እንዴት አይሆንም? አንገቱን ይዩት እንጂ!»

«አንገት ተወው። የኔ ፍየል እናቱን አውቃለሁ፣ አያቱን አውቃለሁ። ይሄ የማን ልጅ ነው?» ቡናማውን መስመር በጣታቸው ነክተው አሸተቱት። «ደሞ ሂና! ሠርግ ነበረበት እንዴ?»

ሙልጭ ብዬ ተዋረድኩ ስል፣ ጭራሽ የባሰ መጣ። «ታች ደሴቶች ሰውዬውን ገዝተው ፍየሉን ለወጡት!» አለ አንዱ ከላይ። «ያለ እናንተ ሌባ ማን አለ!» አለ ሌላው ከታች። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ማለት ይሄኔ ነው። ድንጋይ የሚያነሳ አየሁ፤ ጫማውን የሚያወልቅ አየሁ። የምዜ ሁለት የልጅ ልጆች አንገት ለአንገት ተያይዘዋል። ዝም ብል እድናለሁ፤ ሁለቱ ይጋጫሉ፣ እኔን የሚያስታውሰኝ የለም። ግን እነዚህ ልጆች በኔ ጥጋብ ሊፈናከቱ ነው። ራውዳ ከአፋፉ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«በልተነዋል!» ብዬ ጮኽኩ።

ሁሉም ወደኔ ዞረ።

«እኔ ነኝ የበላሁት! ለሚስቴ ገዛሁት ብዬ ዋሸኋት፣ እሷ ለእንግዳ አሳረደችው፣ እኔም አብሬ በላሁ። ማንም አልገዛኝም። አፉ በሉኝ!»

በመሃል መስመር ተስማምተው የማያውቁ ሁለት ክለቦች በኔ ጉዳይ ለመስማማት አንድ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ላይ ደሴት «ሌባ!» ሲል ታች ደሴት «ሆዳም!» እያለ ይቀበለዋል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል! ምዜ ዱላቸውን አነሱና ዝም አሰኟቸው። ወደኔ ዞሩ።

«ጣፍጧል?»

ምን ይባላል? «በጣም፣ ምዜ» አልኩ።

«ዱጋ» አሉ በኦሮምኛ፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው። «እናቱም እንዲሁ ነበረች።»

ጨዋታው ተጀመረ፤ ሰዉ ሁሉ እኔን ሲሰድብ ደክሞት ስለነበር ያለ ድብድብ አንድ ለአንድ አለቀ። ያሸነፈ የለምና ምዜ እናቱ ያልታወቀውን ፍየል እዚያው አሳረዱት። ላይ ደሴትና ታች ደሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ እሳት በሉ። እኔን «ብላ» ያለኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ራውዳ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ያን ጊዜ ነው ዕንባዬ የመጣው።

ከዚያ ምዜ ተነሱ። ድጋሚው ጨዋታ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲሆንና ለአሸናፊው ወይፈን እንደሚሰጡ ተናገሩ። ጭብጨባው ቀለጠ።

«ወይፈኑስ የት ይደር?» አለ አንዱ።

ጭብጨባው ቆመ። ላይ ደሴቶች ታች ደሴቶችን አዩ፤ ታች ደሴቶችም ላይ ደሴቶችን። ምዜ አንድ በአንድ ሁሉንም ቃኙና እኔ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ኑሩ ጋ» አሉ።

«ምዜ! የበላው ሰውዬ ጋ?!» ሁለቱም ወገን በአንድ ድምፅ ጮኸ።

«ሌላ ሰው ጋ ብናስቀምጠው ገና ይርበዋል» አሉ ምዜ ጋልገሎ። «ይሄ ግን ጠግቧል።»