የማይረሳው ሬዲዮ

ወረቀትና እስክሪብቶ የሚንቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አለኝ፤ የሚዛን ተፈሪው ጎረቤቴ ጋሽ ዘለቀ፣ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር። በየቅዳሜው ቴፒ ካለ ወዳጃቸው ጋር ድምፅ በሚልክና በሚቀበል አማተር ሬዲዮ ያወራሉ። የሚገናኙበትን የሞገድ ቁጥር የሚያስታውሰው ሬዲዮው ነው፤ ሬዲዮው እንዳይረሳ የምታደርገው ደግሞ በሆዱ ያለች ሳንቲም የምታክል ባትሪ ናት።

ባትሪዋ ስትደክም ሊቀይሯት ሬዲዮውን ፈቱት። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር "ኧረ መጀመሪያ ቁጥሩን ጻፈው!" አሏቸው።

"ሬዲዮ እንዳንቺ አይረሳም" ብለው ባትሪዋን ነቀሏት። አዲሷን ከተው ሲያበሩት፣ ሬዲዮው ዛሬ እንደተወለደ ሕፃን አንድም ነገር አያውቅም።

ሦስት ቅዳሜ ቁጥር ሲያዞሩ ዋሉ፤ መልስ የለም። ምግብ እንኳ እምቢ አላቸው። በአራተኛው ሳምንት እኔን አስከትለው በሚኒባስ ቴፒ ወረዱ። ወዳጃቸውን በመልክ አያውቁትም፣ ስልክም ተለዋውጠው አያውቁም፤ ስሙን ገበያ ውስጥ አጠያይቀን አገኘነው።

"የሞትክ መስሎኝ ነበር እኮ!" ብሎ አቀፋቸው። ሁለቱም አለቀሱ፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ ዋሉ።

ስንመለስ እትዬ አስቴር "የሞገድ ቁጥሩንስ ተቀበልከው?" አሏቸው።

ጋሽ ዘለቀ እኔን አዩ፤ እኔ መሬት አየሁ። ከዚያ ኮስተር ብለው "ምን ችግር አለው? ቅዳሜ በሬዲዮ እጠይቀዋለሁ" አሉ።