የፍሬን ቱቦውና የዕድራችን ዳኛ

ከምነግራችሁ ላይ አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ እኔ ልሙት። ያውም ሞት እንደ ድሮው የሩቅ ዘመድ መሆኑ ቀርቶ የጓሮ ጎረቤት በሆነብኝ ዕድሜ ነው የምምለው።

ሰው መቼም የሚያመሰግነው የሚያስኬደውን ነው። ባለ መኪና ስለ ሞተሩ ጉልበት ያወራል። ስለሚያቆመው ነገር ሲያወራ የሰማችሁት አለ? እኔም እንደ እኔው ሳል የማይለያት ፒካፕ ሃያ ዓመት ስነዳ፣ የፍሬን ቱቦ የሚባል ነገር እንዳላት ልብ ብዬ አላውቅም።

ያሳየኝ ነጂብ ነው፤ አባቱ ከጅማ መጥቶ እዚህ ሚዛን ከተማ የከፈተውን ጋራዥ የወረሰ መካኒክ። በማግስቱ ባለቤቴንና ዘመድ አዝማዱን፣ ከእኔ ጋር ሰባት ነፍስ አጨናንቄ ለልጅ ልጄ ምረቃ ቴፒ መድረስ አለብኝ። ነጂብ ከሥር ገብቶ ሲወጣ፣ የላስቲኩ ቱቦ እንቁላል እንደዋጠ እባብ አብጧል አለኝና፣ በዚህ የሸኮን ቁልቁለት ከምወርድ በእግሬ ብሄድ እንደሚሻለኝ መከረኝ።

ቱቦዎቹን ቀየረ። የቀረው የገባውን አየር ማስወጣት ነው፤ አንድ ሰው መሪው ጋ ተቀምጦ ፍሬን ይረግጣል፣ መካኒኩ ከሥር ቡሎን ይፈታል። ረጋጩ እኔ ሆንኩ።

«ይርገጡ አባባ... ይያዙ... ሳልልዎት እንዳይለቁ።»

አርባ ዓመት ያስተማርኩ ሰው፣ ከመኪና ሥር በሚወጣ ድምፅ ስታዘዝ ዋልኩ።

የመጨረሻው ጎማ ላይ ስንደርስ የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ተሰማ ብቅ አሉ። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ነገ ስሞት ድንኳን የሚያስተክሉልኝን ሰው ተቀምጬ ሰላም ልበል? ብድግ አልኩ። ፔዳሉም አብሮኝ ብድግ አለ፤ አየሩ ተመልሶ ገባ።

«በሞቴ ተቀመጥ!» አሉኝ። ዘግይተዋል።

ነጂብ አልተቆጣም። ዕድሩ ከፍሬኑ ይበልጥብኝ እንደሆነ ብቻ ጠየቀኝና፣ ከኋላ ጎማ እንደገና ሊጀምር በጀርባው እየተሳበ ሄደ። ከዚያ የእጅ ባትሪውን አበራ። መካኒክ ከሥር ባትሪ ሲያበራ ደግ አይደለም።

«አባባ፣ ይሄ የብረቱ መስመር ዝጓል፤ ሲረግጡ ያልበዋል። ቅድም አላየሁትም። ባይነሱ ኖሮ ጨርሰናል ብዬ ነበር የምሸኝዎት።»

እሱንም ቀየረው። ጋሽ ተሰማም ሰባት ቀብር እንደቀረላቸው ሳያውቁ መርቀውን ሄዱ።

በማግስቱ ቁልቁለቱ መሃል ዝሆን የሚያህል በሬ ከቡናው ውስጥ ዘሎ ወጣና መንገዱን ዘጋ። ረገጥኩ። መኪናዋ ከአፍንጫው አንድ ስንዝር ላይ ቀጥ አለች። ምረቃው ላይ ሰባታችንም አጨበጨብን፤ የልጅ ልጄም ቆቧን አውልቃ ባለቤቴ ራስ ላይ ደፋችው።

ምያለሁና አንዲት ትንሽ ነገር ላርም። በሬው አልነበረም። ጥጃም አልነበረም። ቁልቁለቱን በሰላም ወረድን፤ ባለቤቴ እንዲያውም ተኝታ ነበር። ፍሬን ሲይዝ የሚወራ ነገር አይኖርም፤ እኔም ነጂብንና ጋሽ ተሰማን የማመሰግናቸው ምንም ስላልሆነ ነው። ግን ምንም ስላልሆነ ነገር ሲያመሰግኑ ማን ይሰማል? በሬ ያስፈልጋል።